«በኋላ እነግርሻለሁ»

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ትንሿ ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። በሁለት ዓመት ተኩሏ ማጅራት ገትር ታማ ሕይወቷ ተረፈ፤ ጆሮዋ ግን ከዚያ ወዲህ አይሰማም። አሁን መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ትማራለች። እዚያ ከጓደኞቿ ጋር እጇ አያርፍም፣ ቤት ስትገባ ግን ዝም ነው። እኔ የማውቀው ምልክት «ብዪ»፣ «ነዪ»፣ «ተዪ»፣ «ተኚ» የሚሉትን ነው። አንድ ሰሞን መማር ጀምሬ ነበር። በተሳሳትኩ ቁጥር ስትስቅብኝ ከፋኝና ተውኩት። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ወንድሟ ከሁላችን ስለሚሻል የምንፈልገውን በእሱ በኩል ነው የምንነግራት። ባለቤቴ «ምልክት ካስለመድናት አፏን አትፈታም፣ ከንፈር ማንበብ ትልመድ» ይላል። እናቴ ደግሞ ጠበል ትላለች። ሰሞኑን ስቆጣት ዓይኗን ትጨፍናለች ወይም ፊቷን ታዞራለች። ትናንት አገጯን ይዤ ወደ እኔ ሳዞራት ገፈተረችኝ። ልጄ የጠላችኝ መሰለኝ። ምን ላድርግ? ያኔ ቶሎ ሐኪም ቤት ባደርሳት ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ጣል አድርገሽ ነው ያለፍሻት። እኔ ግን ከእሷ ልጀምር።

ማጅራት ገትር ክፉ በሽታ ነው። እብጠቱ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ከደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ መስማትን ያጠፋል። በጊዜ ታክመው ሕይወታቸው ተርፎ ጆሯቸው ያልተረፈ ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ «ቶሎ ባደርሳት ኖሮ» የሚለውን እርግጠኛ ሆነሽ ልትናገሪው አትችዪም። ማንም አይችልም። ልጅሽ ዛሬ በሕይወት ያለችው ታክማ ነው፤ ያሳከምሻት ደግሞ አንቺ ነሽ።

ይህን ያነሳሁት ላጽናናሽ ብዬ ብቻ አይደለም። የምልክት ትምህርቱን የተውሽው በሳቋ ምክንያት ብቻ አይመስለኝም። አዲስ ምልክት በተማርሽ ቁጥር «አትሰማም» የሚለውን እንደገና መቀበል አለብሽ። ያ ያማል። ብዙ ወላጆች እዚህ ላይ ይቆማሉ። ስንፍና እንለው ይሆናል፤ እኔ የማየው ግን አልቅሰው ያልጨረሱትን ሐዘን ነው። አልቅሺ። ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ስለዚያ ሰሞን አውሩ። አምስት ዓመት ተኩል ሙሉ አንዳችሁ ለሌላችሁ ሳትናገሩት የቆየ ነገር ሊኖር ይችላል።

አሁን የጻፍሽልኝን አራት ምልክቶች ተመልከቺያቸው። ብዪ፣ ነዪ፣ ተዪ፣ ተኚ። አራቱም ትእዛዝ ናቸው።

ወንድሟ በዚህ ዕድሜው ስንት ነገር ያውቃል? አክስቱ ለምን ከባሏ እንደተጣላች፣ የቤት ኪራይ እንደጨመረ፣ አያቱ በልጅነቷ ምን እንደደረሰባት። ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ያስተማረው የለም። ቡና ሲፈላ ጥግ ላይ እየተጫወተ በጆሮው የገባ ነው። ልጅሽ እንዲህ በጎን የሚገባላት ወሬ የላትም። በእጅ ያልተነገራት ነገር ለእሷ በቤቱ ውስጥ አልተወራም። ስለዚህ ከእናቷ እጅ የምታገኘው ትእዛዝ ብቻ ከሆነ፣ እናቷን የምታውቃት በአዛዥነቷ ብቻ ነው።

አንድ መስማት የተሳነው ጎልማሳ በአስተርጓሚ ሲያወራኝ እንዲህ አለኝ፦ «ሁሉም ሲስቅ እኔም እስቅ ነበር። ምን እንዳሳቃቸው ግን አንድም ቀን አላወቅሁም። ስጠይቅ ሁልጊዜ መልሱ ‹በኋላ እነግርሃለሁ› ነበር።» ያ «በኋላ» አልመጣም። አሁንም በዓል ሲመጣ ቤተሰቡ ጋ መሄድ ይከብደዋል። አይጠላቸውም። ግን እዚያ ሲቀመጥ ብቻውን ነው። በእናንተም ቤት «በኋላ እነግርሻለሁ» ስንት ጊዜ እንደተባለ አስቢ።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ብዙ የተማሩ ሰዎችም እንደሱ ያምኑ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ፣ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ መምህራን፣ ልጆቹ በንግግር ብቻ እንዲማሩና ምልክት ከክፍል እንዲወጣ ወሰኑ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ተሰብሳቢዎች የሚሰሙ ነበሩ። በብዙ አገር ልጆች ምልክት እንዳይጠቀሙ ተከለከሉ፤ እጃቸውን ያንቀሳቀሱ ተቀጡ። የዚሁ ጉባኤ ተተኪዎች በውሳኔው የተጸጸቱት በ2010፣ ቫንኩቨር ላይ ነው። በመሃል 130 ዓመት አለፈ።

ምልክት ንግግርን አያፍንም። እንዲያውም ቋንቋ ያለው ልጅ ሌላ ቋንቋ የሚጨምርበት መሠረት አለው። ከንፈር ማንበብን በተመለከተ ባለቤትሽ ራሱ ይሞክረው። መስታወት ፊት ይቁምና ድምፁን ሳያወጣ «ማር» ይበል፣ ከዚያ «ባር» ይበል። ቀጥሎ «ገና» እና «ቀና»። ልዩነቱን በዓይኑ ካገኘው ይንገረኝ። በወሬ መሃል፣ ሰው ፊቱን ሲያዞር፣ አፉ ውስጥ እንጀራ እያለ ደግሞ ምን ያህል እንደሚብስ አስቢው። የስምንት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ ግምት ስትገምት እንድትውል መጠየቅ ይከብዳል።

ስለ ጠበሉ ብዙ አልልም። እናትሽ በእምነቷ ትጸልይላት፤ ግን አያትም ቢያንስ «ደህና አደርሽ»ን በእጇ ትማር። ቤት ውስጥ «ዱዳዋ» የሚል ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ይቁም። ባትሰማም ፊታችሁ ላይ ታነበዋለች።

ሳቋ ግን እኔን ደስ አሰኝቶኛል። ትምህርት ቤት ሁሌ ተማሪ ናት፣ ቤት ሁሌ ታዛዥ። በሕይወቷ አንድ ቦታ ላይ ከእናቷ በልጣ ተገኘች። የሳቀችው ለዚያ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ስትስቅ አብረሻት ሳቂና «እንደገና አሳዪኝ» በያት። ሆኖም መምህርሽ እሷ ብቻ አትሁን። እሷ ልጅ ናት፤ ማስተማር ሥራዋ አይደለም።

ትምህርት ቤቷ ሄደሽ ወላጆችን የሚያስተምር ሰው እንዳለ ጠይቂ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም ጋ ሂጂ፤ ያሳተሙት የምልክት ቋንቋ መዝገበ ቃላት አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስመርቃል፤ ከተመራቂዎቹ ቤት መጥቶ የሚያስጠና ልታገኚ ትችያለሽ። አቅማችሁ ከፈቀደ ግን ምርጫዬ ራሱ መስማት የተሳነው አዋቂ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁላችሁ ያስተምር፣ አባትየውም አብሮ ይቀመጥ። ልጅሽም ሥራና ትዳር ያለው፣ እንደ እሷ የማይሰማ ትልቅ ሰው ቤቷ ሲገባ ትይ። እንዲህ ያለ አዋቂ አይተው የማያውቁ አንዳንድ ልጆች «ሳድግ እሰማለሁ» ብለው ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ የጣት ፊደሉን ያዢ። አይከብድሽም፤ የፊደል ገበታ አውቀሻል። «በ» አንድ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ቡ፣ ቢ፣ ባ እያለ እስከ ሳብዕ የሚለየው በእንቅስቃሴ ነው። ምልክቱ ሲጠፋሽ ቃሉን በጣትሽ ትጽፊላታለሽ፣ እሷም ምልክቱን ትሰጥሻለች። ከዚያ የማያዝዙ ቃላትን ሰብስቢ። «ደከመኝ»፣ «ናፈቅሽኝ»፣ «ዛሬ ታክሲ ውስጥ ምን እንዳየሁ ታውቂያለሽ?»። ታክሲ ውስጥ ሰው ያየናል ብለሽ እጅሽን ከሰበሰብሽ ደግሞ እሷም መሰብሰብ ትማራለች።

ቡና ስታፈዪ የሁሉንም ፊት በምታይበት ቦታ አስቀምጫት፣ ጀርባሽን ለመስኮት አትስጪ። አንድ ሰው ሲያወራ ሌላው ይጠብቅ። መብራት ሲጠፋ ወሬ የሚቋረጠው ለእሷ ብቻ ነው፤ ቶሎ የስልክሽን መብራት አብሪና እጅሽ ላይ አድርጊው። እንጀራ እየጋገርሽ ልታወሪያት አትችዪም፤ ምጣዱን ክደኚና ዞር በይላት። ወሬው ካመለጣት ያኔውኑ ንገሪያት፣ አጠር አድርገሽም ቢሆን።

ወንድ ልጅሽን ከአስተርጓሚነት አሳርፊው። እህቱን የምትቆጪያት በእሱ እጅ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቱ በእናትና በእህቱ ጠብ መሃል ቆሟል። ቁጣሽን በራስሽ እጅ መናገር ካልቻልሽ አቆዪው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለቋንቋ ትልቅ ናቸው፣ እነሱም አልፈዋል። ልጅሽ ግን ትምህርት ቤት ቋንቋ አግኝታለች። የቀረሽ አንቺ ነሽ። በወር ውስጥ እንደ እሷ አትሆኚም። በዓመትም ላትሆኚ ትችያለሽ። እሷ የምታየው እየሞከርሽ መሆንሽን ነው።

የዓይኗ ነገር ቀርቶብኛል። የሚሰማ ልጅ ተቆጥተሽ ስትጮኺበት ጆሮውን ይይዛል። እሷ የምትይዘው ዓይኗን ነው። ጠልታሽ ሳይሆን በቃኝ ማለቷ ነው፣ ሌላ መንገድም የላትም። አገጯን ስትይዢባት ያንን አንድ በር በጉልበት ከፈትሽባት። ዳግመኛ አትያዢው። ዓይኗን ስትጨፍን ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። ስትከፍት ትከሻዋን ቀስ ብለሽ ንኪ።

ዛሬ ማታ ልጅሽን ጠርተሽ አንድ ምልክት ብቻ እንዲያሳይሽ ጠይቂው፤ «ይቅርታ» የሚለውን። ወስደሽ የምትነግሪያት ግን ራስሽ ነሽ።