ሥልጣን የሌለው ከንቲባ ምን ያደርጋል?

የአየርላንድ ዋና ከተማ የደብሊን ከንቲባ ሥልጣን ከሌለው ለምን አስፈለገ ብለህ ጠይቀሃል። ጥያቄህ ልክ ነው። ከንቲባውን የሚመርጡት የከተማው ምክር ቤት አባላት ናቸው፤ በየዓመቱም ይቀያየራል። አንገቱ ላይ ትልቅ የወርቅ ሐብል አጥልቆ እንግዳ ይቀበላል፣ ስብሰባ ይመራል። ሠራተኛውንና የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚያዝዘው ግን ዋና ሥራ አስፈጻሚው ነው። እሱ ደግሞ ይሾማል እንጂ ሕዝብ አይመርጠውም።

ታዲያ ከንቲባው ጌጥ ብቻ ነው? አይመስለኝም። ሲናገር ጋዜጠኛ ይሰማዋል፤ ተቧድነው የሚጨቃጨቁትን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ይችላል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ ሐብሉ ሳይሆን የጊዜው ማጠር ነው። በአንድ ዓመት የትኛውን ጉዳይ ዳር ያደርሳል? ገና ቢሮውን ሲለምደው ያስረክባል። ሌላዋ የአየርላንድ ከተማ ሊምሪክ እኮ በ2024 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ በቀጥታ የመረጠው፣ ለአምስት ዓመት የሚቆይ፣ የምር ሥልጣን ያለው ከንቲባ አግኝታለች።