የቶነር ሬዚን ቅይጥ፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁም። ብዙ ዓመት የቶነር ሬዚን ስቀይጥና ስፈትን ቆይቻለሁ። ቶነር የሌዘር ፕሪንተር የዱቄት ቀለም ነው፤ ሬዚን ደግሞ ዱቄቱን ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው ፕላስቲክ። ዛሬ ስለ ፖሊስተር ቅይጥ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። አደራ፣ ቁጥር ይዛችሁ ኑ። የሬዚኑ ቲጂ ስንት ነው? በስንት ዲግሪ ይለሰልሳል? የአሲድ ቁጥሩስ? ቲጂ የምንለው ሬዚኑ ከመስታወት ድርቀት ወደ መለስለስ የሚሻገርበትን ሙቀት ነው። የአሲድ ቁጥር የምንለው ደግሞ ሬዚኑ ውስጥ ያለውን የአሲድ መጠን ነው።

ተማሪ፦ መምህር፣ ፖሊስተር ሲባል ያው የልብሱ ነው? ቶነር ውስጥ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ዘሩ አንድ ነው፣ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። የልብሱና የውሃ ጠርሙሱ ፖሊስተር የሚሠራው ከቴሬፍታሊክ አሲድና ከኤቲሊን ግላይኮል ነው። ለመቅለጥ 250 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈልጋል። የቶነሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከቢስፌኖል ኤ ከተዘጋጀ አልኮልና ከተለያዩ አሲዶች ነው። የሞለኪውሉ ሰንሰለት አጭር ነው፣ በጣት ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። መሰበሩ ደግሞ ይጠቅመናል፤ ካልተሰበረ ወደ 7 ወይም 8 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) አይፈጭም። ከተለመደው የቀለም ቶነር ክብደት አብዛኛው ሬዚን ነው። ቀለሙ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ሙቀት ሲያገኝ ቀልጦ ወረቀቱን የሚይዘው ሬዚኑ ነው።

አዲስ አባል፦ ከሁሉም የትኛው ሬዚን ይሻላል?

መልስ፦ ለየትኛው ማሽን? በምን ፍጥነት? ፊውዘሩ፣ ቶነሩን አቅልጦ ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው የማሽኑ ክፍል፣ ስንት ዲግሪ ይሞቃል? እነዚህን ይዘህ ተመለስ ወንድሜ።

ጀማሪ ቀያጭ፦ ለምን ሁለት ፖሊስተር እንቀይጣለን? አንድ መካከለኛ ሬዚን ለምን አይበቃም?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጡኝ! አጭር ሰንሰለት ያለውን ሬዚን ለብቻው አስቡት። ፊውዘሩ ጋ ሲደርስ ቶሎ ይቀልጣል፣ በወረቀቱ ቃጫዎች መካከል ይሰርጋል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ሙቀቱ ትንሽ ሲጨምር ግን እርስ በርሱ የሚያያዝበት አቅም ያጣል። የቀለጠው ንጣፍ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። ግማሹ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ግማሹ የፊውዘሩ ሮለር (ተሽከርካሪ ሲሊንደር) ላይ ይለጠፋል። ሮለሩ አንድ ዙር ሲዞር ያው ፊደል ከታች ደብዝዞ ይታተማል። ያን ጥላ ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

ረጅምና ባለ ቅርንጫፍ ሰንሰለት ያለው ሬዚን ተቃራኒው ነው። ትራይሜሊቲክ አንሃይድራይድ የሚባለው ሦስት መያያዣ ያለው አሲድ ሲገባ ሰንሰለቱ በሦስት አቅጣጫ ያድጋል። ሲቀልጥ እንደ ላስቲክ ራሱን ስቦ ከሮለሩ ይላቀቃል። ለብቻው ከሆነ ግን ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፣ ለመፍጨትም ያስቸግራል። በዝቅተኛ ሙቀት የታተመውን በጣት ስታሹት ይለቅቃል።

ስለዚህ አንዱ ይፈሳል፣ ሌላው ይይዛል። እኔ ብዙ ጊዜ ከ60 ለ40 እነሳለሁ፣ አጭሩ 60 ሆኖ። ከዚያ 10፣ 10 በመቶ እያንቀሳቀስኩ አያለሁ። የምፈልገው ሁለት ሙቀት ነው፦ መጣበቅ የሚጀምርበትና ሮለሩ ላይ መቅረት የሚጀምርበት። በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት ነው ሥራችን።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ደግሜም እላለሁ። ከኤክስትሩደር፣ ሬዚኖቹን አሙቆ በስክሩ ከሚያቦካው ማሽን፣ በኋላ ለኩ። የመዘናችሁት ቅይጥና ከማሽኑ የወጣው ቅይጥ አንድ አይደሉም። ማቡኪያው ቀዝቅዞ ስክሩው በኃይል ከዞረ ቅርንጫፎቹን ይቆራርጣቸዋል። ከዚያ ሰው ሬዚኑን ይወቅሳል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ የቅይጡን ቲጂ አስቀድሜ ማስላት እችላለሁ?

መልስ፦ ሁለቱ በደንብ ከተዋሃዱ በፎክስ ቀመር ትጠጊዋለሽ። ቲጂያቸው 55 እና 65 ከሆነ 60 ለ40 ሲቀየጡ ወደ 59 ይሰጥሻል። በኬልቪን አስይው፤ በሴልሺየስ ማስላት የተለመደ ስህተት ነው። ሁለት ቅይጦች ቲጂያቸው እኩል 59 ሆኖ አንዱ ሮለር ላይ ሊቀር፣ ሌላው ላይቀር ይችላል። ቲጂ የሚነግርሽ ቶነሩ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ስለሚሆነው እንጂ ስለ ፊውዘሩ አይደለም።

የካርትሪጅ ሠራተኛ፦ እኔ በስታይሪን አክሪሌት (ሌላ ዓይነት ሬዚን) ቶነር ስሠራ ኖሬአለሁ። እርጥበት አይረብሸውም። ፖሊስተር በእርጥብ ወቅት የወረቀቱን ነጭ ክፍል ያጠቁረዋል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ እሱ የአሲድ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ስለተጠቀምክ ነው። በዚያ ላይ ያንተን ህትመት ፕላስቲክ ክላሰር ውስጥ አስቀምጠህ ከወር በኋላ አውጣው። ፊደሉ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ይወጣል።

የካርትሪጅ ሠራተኛ፦ ክላሰር ውስጥ የሚያስቀምጠው ስንቱ ነው?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ቢሮ ሁሉ!

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ለስላሳ ፒቪሲ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ወደ ስታይሪን አክሪሌቱ ይሻገራል፤ ፖሊስተር በደንብ ይቋቋመዋል። የፖሊስተር ሰንሰለት ጫፍ ላይ ያለው አሲድ ደግሞ ለአሉታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይረዳል፣ ውሃም ይስባል። የአሲድ ቁጥሩ ሲበዛ በእርጥበት ቻርጁ ይወርዳል። ወደ ቅይጡ እንመለስ።

ሌላ አባል፦ የትኛውን ፕሪንተር ልግዛ?

መልስ፦ የዛሬ ርዕሳችን አይደለም።

ጀማሪ ቀያጭ፦ ክሪስታላይን ፖሊስተር (ሰንሰለቱ በሥርዓት የተደረደረ) ብጨምርስ? የፊውዘሩን ሙቀት በጣም ያወርዳል ይባላል።

መልስ፦ ያወርዳል። 70 ወይም 80 ዲግሪ ላይ ድንገት ይቀልጥና ሌላውን ሬዚን ያለሰልሰዋል። ችግሩ ያንኑ ሥራ ኤክስትሩደሩ ውስጥ ቀድሞ ሊሠራው መቻሉ ነው። ከዋናው ሬዚን ጋር ከተሟሟ ሲቀዘቅዝም ተመልሶ ክሪስታል አይሆንም፣ ቲጂውን ይዞት ይወርዳል። አንድ ጊዜ 20 በመቶ ጨመርኩ። ዱቄቱ ማታ እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ጠዋት ማሰሮውን ስገለብጠው እንደ ሳሙና አንድ ላይ ቆሞ ቀረ። ከ5 በመቶ ጀምር። ከመፍጨትህ በፊት ቅይጡን ለብ ባለ ሙቀት አቆየው፣ ክሪስታሉ እንዲመለስ። ከዚያም ከኤክስትሩደር በኋላ ለካ።

ሌላ አባል፦ የውሃ ጠርሙስ ፈጭቼ ብቀይጥ አይሆንም?

የካርትሪጅ ሠራተኛ፦ ለምን አይሆንም? ፖሊስተር ፖሊስተር ነው።

ተማሪ፦ 250 ዲግሪ ላይ ነው የሚቀልጠው ተባለ እኮ! ፊውዘሩ እዚያ አይደርስም።

መልስ፦ ተማሪው ልክ ነው። ጠርሙሱን እንዳለ መቀየጥ አይሆንም። በግላይኮል ሰንሰለቱን ቆራርጦ፣ ከሌላ አልኮልና አሲድ ጋር እንደገና መገንባት ግን ይቻላል። እሱ የኬሚካል ፋብሪካ ሥራ ነው፣ ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

አዲስ አባል፦ ታዲያ የትኛው ሬዚን ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ማሽን፣ ፍጥነት፣ የፊውዘር ሙቀት። ሳታመጣ ሦስተኛ አትጠይቀኝ።

የካርትሪጅ ሠራተኛ፦ ዱቄቱ ምንጣፍ ላይ ፈሶብኛል። በቫኩም ልምጠጠው?

መልስ፦ በተራ ቫኩም በጭራሽ! ደቃቁ በማጣሪያው አልፎ አየር ላይ ይበተናል፣ የሞተሩ ፍንጣሪ ደግሞ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ለቶነር የተሠራ ማጽጃ ፈልግ። እጅህንና ልብስህን በቀዝቃዛ ውሃ እጠብ፤ ሙቅ ውሃ ሬዚኑን አለስልሶ ያጣብቀዋል።

ጀማሪ ቀያጭ፦ ውድ መሣሪያ የለኝም። ከኤክስትሩደር በኋላ በምን ልለካ?

መልስ፦ ከተፈጨው ቶነር 20 ግራም ማሰሮ ውስጥ ጨምረህ 50 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት አቆየው። ስታዘነብለው ከፈሰሰ አለፈ። ከተጓጎለ ክሪስታላይኑን ቀንስ። ከዚያ በየ10 ዲግሪው አትም። ወረቀቱን የታተመው ጎን ወደ ውስጥ ሆኖ እጠፈው፣ ክብደት ጫንበት፣ ዘርግተህ መስመሩን በጥጥ ጥረገው። ነጩ መስመር ሰፊ ከሆነ አጭሩ ሬዚን አንሷል። ፊደሉ ከታች ከተደገመ ረጅሙ አንሷል፣ ወይ ማቡኪያው ቆርጦታል። የሁለቱንም ፎቶ ነገ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።