እናቲቱስ? ዘር ለምትቆጥሩ ወጣቶች

አንዲት ወጣት ከጆሃንስበርግ ጻፈችልኝ። አባቷ ከሆሳዕና ሄዶ እዚያ የከተመ ነጋዴ ነው፤ እናቷ አፍሪካነር ናት፤ በአብዛኛው ከደች ሰፋሪዎች ከሚወለዱት፣ አፍሪካንስ ከሚናገሩት የደቡብ አፍሪካ ነጮች ወገን ማለት ነው። «የአባቴን ወገን በቃሌ ተምሬአለሁ። የእናቴን ወገን የመጀመሪያውን ሰፋሪ ለማግኘት ከየት ልጀምር?» ትላለች። ቀላል ጥያቄ ነበር። እኔን ግን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ።

ኬፕታውን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ በመዛግብት ሥራ ኖሬአለሁ። ኔዘርላንድ ስማር የጥንቱን የደች እጅ ጽሑፍ ማንበብ ለምጄ ስለነበር፣ ቤተሰቦች የዘር ሐረጋቸውን እንድፈልግላቸው ይቀጥሩኝ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 አንዲት አሮጊት መጡ። ሰፈሩ ሁሉ «ታኒ» ይላቸዋል፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው ነው። የሚፈልጉት «ስታምፋደር» የሚሉትን፣ በመርከብ መጥቶ ቤተሰቡን የመሠረተውን ሰው ነበር።

የኔዘርላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1652 ኬፕ፣ ዛሬ ኬፕታውን ባለችበት የባሕር ዳርቻ፣ ሰፈረ፤ በ1657 ጥቂት ሠራተኞቹን ከአገልግሎት አሰናብቶ መሬት ሰጣቸው። የታኒ አባት ወገን ከዚያ በኋላ የመጣ ወታደር ልጆች ናቸው። አራት ወር ፈለግሁት። መዝገብ ቤቱ ሮላንድ ጎዳና ላይ፣ ድሮ ወህኒ ቤት በነበረበት ቦታ ነው፤ የኬፕ ነፋስ መስኮቱን ሲያንገጫግጭ አሁንም ይሰማኛል። ከሁሉ ያስቸገረኝ የስም ልማዳቸው ነበር። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት ስም ይጠራል። ስለዚህ በአንድ አውራጃ አራት የአጎት ልጆች አንድ ስም ይዘው ታገኛላችሁ። እነርሱን የሚለያቸው የሚስት ስምና በጥምቀት ላይ የቆሙት ምስክሮች ናቸው። የቤተሰብ ተረት አትመኑ እላለሁ፤ ነገር ግን መንገዱን የከፈተልኝ ታኒ ከአያታቸው የሰሙት አንድ ቃል ነበር፦ «የእኛዎቹ ድራከንስታይን ነው የተጠመቁት።»

በድራከንስታይን ደብር የጥምቀት መዝገብ፣ በ1700ዎቹ መጀመሪያ፣ ወታደሩን ከነልጁ አገኘሁት። ከጎኑ የእናቲቱ ስም አለ፤ ከስሟ ቀጥሎም «ቫን ዴ ካፕ» ይላል። «የኬፕዋ» ማለት ነው። እንዲህ ተብለው የሚመዘገቡት በባርነት እዚያው የተወለዱ ሰዎች ናቸው። ከውጭ የመጡት ደግሞ «ቫን ቤንጋል»፣ «ቫን ማዳጋስካር» ይባላሉ። የውርስ ወረቀቶቹን ሳገላብጥ ነፃ የወጣችበትን ዓመት ጭምር አገኘሁ።

ታኒ ቀደም ሲል ሻይ እየቀዱልኝ አንድ ነገር ነግረውኝ ነበር። የ1950ው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ ሰውን ሁሉ በዘር ሲከፋፍል፣ ከመንገዳቸው ማዶ የነበረ ቤተሰብ «ነጭ አይደላችሁም» ተብሎ ቤቱን ለቀቀ። ይህን የነገሩኝ ሕጉ ከተሻረ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ድምፃቸው ግን ሹክሹክታ ነበር።

እኔም ራራሁ። ወይም ራራሁ ብዬ ራሴን አሳመንሁ። በአፍሪካነሮች የዘር አቆጣጠር መሥራቹ «ኤ»፣ ልጆቹ «ቢ1፣ ቢ2»፣ የልጅ ልጆቹ «ሲ1» እያሉ ይወርዳሉ። ሚስቶች ፊደል የላቸውም። አንዲትን ሴት ለመደበቅ የሚመች አቆጣጠር ነው፤ ቦታዋን ባዶ ተውሁት።

ሐረጉን ሳስረክባቸው በጣታቸው ከታች ወደ ላይ ወጡና ባዶው ቦታ ላይ ቆሙ። «እናቲቱስ?» አሉኝ።

«መዝገቡ ዝም ብሏል» አልኋቸው።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ሒሳቤን ሳያጎድሉ ከፈሉኝ፤ በላዩም አንድ ማሰሮ የአፕሪኮት ማርማላታ ጨመሩልኝ። በስድስተኛው ዓመት ሞቱ። ቤተሰቡ ሐረጉን አሳትሞታል፤ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ሳየው ያችው ሴት «ያልታወቀች» ተብላ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ትገለበጣለች። ያልታወቀችው በእኔ እጅ ነው።

አያቴ መንዝ ውስጥ ሰባት ቤት ሲያስቆጥሩኝ አንዲት ሴት ላይ ሲደርሱ ሳል ይቀድማቸው ነበር። ልጅ ስለነበርሁ አልጠየቅኋቸውም። ያ ሳል ምን እንደነበር የገባኝ ኬፕታውን፣ ያን ገጽ ካነበብሁ በኋላ ነው።

አንቺ ልጄ፣ ከራስሽ ተነሥተሽ ወደ ኋላ እንድትሄጂ አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። የእናትሽን አያቶች የሞት ማስታወቂያ ፈልጊ፤ የወላጆቻቸውንና የልጆቻቸውን ስም እዚያ ታገኛለሽ። የዛሬ ወጣቶች ለዘረመል ምርመራ ምራቅ በጠርሙስ ልካችሁ በመቶኛ የተጻፈ መልስ ትጠብቃላችሁ፤ የሌላውን ሐረግ በአንድ ጠቅታ የራሳችሁ ታደርጋላችሁ። ያናድደኛል። ግን የእኔን ባዶ ቦታ በእምነት የገለበጡትን ልጆች በምን አፌ ልውቀስ? እናቶቹን ፈልጉ። ክሮቶዋ ከኬፕ ነባር ሕዝብ፣ ከኮይ ወገን፣ የሆነች ሴት ነበረች፤ በ1664 ዴንማርካዊውን የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ፒተር ቫን ሜርሆፍን አገባች። አንጄላ ቫን ቤንጋል በ1666 ከባርነት ነፃ ወጥታ በ1669 አርኖልዱስ ባሶንን አገባች። ዛሬ ብዙ አፍሪካነሮች ከእነርሱ ይወለዳሉ።

ነውር ያለበትን ሁሉ ግለጡ አልልም፤ በሕይወት ያለ ሰው የሚጎዳበት ገጽ ሲገጥመኝ አሁንም እጄ ይያዛል። ታኒ ግን ጠይቀውኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የጥምቀቱን ገጽ ቅጂ ከአንድ ደብዳቤ ጋር ለታኒ የልጅ ልጅ ላክሁላት። መልስ ገና አልመጣም።