የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ነፃነትን እየፈለገ የኤድንብራውን ምክር ቤት ለምን ደገፈ?

ጠያቂያችን፣ ሙሉ ነፃነትን የሚሻ ፓርቲ በኤድንብራ ለሚቀመጥ የስኮትላንድ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የሚሰጥ ከፊል ሥልጣንን መደገፉ ዓላማን መተው አይደለምን ብለው ጠይቀዋል። እኔ እንደማምነው አይደለም፤ ሆኖም ፓርቲው ራሱ በዚህ ጥያቄ ለዓመታት ተከፋፍሎ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። አንደኛው ወገን ምክር ቤቱን ወደ ነፃነት መሸጋገሪያ አድርጎ ሲያየው፣ ሌላው የለንደን መንግሥት የሕዝቡን ጥያቄ ለማብረድ ያዘጋጀው ማባበያ ነው ብሎ ይጠራጠር ነበር።

ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1979 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት መካከል 51.6 በመቶ ያህሉ ምክር ቤቱን ቢደግፉም፣ ድጋፉ ከጠቅላላው መራጭ ቢያንስ 40 በመቶ መሆን አለበት በሚለው ድንጋጌ የተነሣ ሐሳቡ ወደቀ፤ ይህን ድንጋጌ ዛሬም ቢሆን ፍትሐዊ ነው ለማለት ይከብደኛል። ስለ ምክር ቤቱ መቋቋም ለመምከር በ1989 የተጀመረው ሕገ መንግሥታዊ ጉባኤም ነፃነትን እንደ አማራጭ ስላላቀረበ ፓርቲው ራሱን አገለለ።

በ1997 ግን በአሌክስ ሳልመንድ መሪነት ከሌበር ፓርቲ ጎን ተሰልፎ ቀሰቀሰ፤ 74.3 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪም ምክር ቤቱን ደገፈ። የ1998ቱ ሕግ ለለንደን የተጠበቁትን ጉዳዮች ዘርዝሮ ቀሪውን ለኤድንብራ ስለተወ፣ ፓርቲው ከ2007 ጀምሮ ጤናንና ትምህርትን እያስተዳደረ የመንግሥትነት ብቃቱን ለሕዝብ ማሳየት ቻለ። ያልተፈታው ችግር የስኮትላንድና የእንግሊዝ አንድነት ጉዳይ ለለንደን ከተጠበቁት አንዱ መሆኑ ነው፤ በ2022 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስኮትላንድ ምክር ቤት በራሱ ሥልጣን የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ ሊያውጅ እንደማይችል የወሰነውም በዚሁ መነሻ ነው።