መልስ፦ ሼልን ለንደን ላይ መክሰስ ያዋጣል?

«የናይጄሪያ ዓሣ አጥማጅ የነዳጅ ኩባንያውን ሼልን እንግሊዝ ድረስ ሄዶ ቢከስ ጠብ የሚልለት ነገር አለ?» ላልከው፦ አዎ፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቦዶ በተባለችው የኒጀር ዴልታ መንደር ከሼል ቧንቧ ሁለት ጊዜ ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ። ነዳጁ የማንግሮቭ ዛፎቹን ሥር አጥቁሮ ዓሣውን ፈጀው። መጀመሪያ የቀረበላቸው ካሳ ምን መሰለህ? ከ4,000 ፓውንድ የማይበልጥ ገንዘብ፣ ከጥቂት ጆንያ ሩዝና ቦሎቄ ጋር! ለመንደሩ ሁሉ ነው እንግዲህ። ለንደን ላይ ከከሰሱ በኋላ ግን በ2015 በድርድር 55 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለ፤ 35ቱ ለ15,600 ሰዎች፣ 20ው ለማኅበረሰቡ።

«ጥፋቱ የናይጄሪያው ቅርንጫፍ እንጂ የእኛ አይደለም» የምትለዋን የሼል እናት ኩባንያ ማምለጫ በተመለከተ፣ በ2021 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ መዝገብ፣ ኦጋሌና ቢሌ የተባሉት የኒጀር ዴልታ አካባቢዎች ነዋሪዎች እናት ኩባንያውንም ከስሰው መከራከር እንደሚችሉ ወስኗል።