ያልሰጠሽውን መድኃኒት «ሰጥቻለሁ» ብለሽ ከፈረምሽ በኋላ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነርስ ሆነሽ ከተቀጠርሽ ስምንት ወርሽ ነው። ከትናንት ወዲያ ሌሊት 22 ሕሙማንን ለሁለት ስትከታተሉ የአንድ አዛውንት የደም ግፊት መድኃኒት ሳይሰጥ ነጋ። በርክክብ ሰዓት አንዲት ነባር ባልደረባሽ «ፈርሚበትና ሂጂ፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለችሽ፤ ፈረምሽ። «ታካሚው ምንም አልሆኑም፤ ልናገር ወይስ ልተወው? የሙያ ፈቃዴንስ አጣ ይሆን?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ።

ተናገሪ፤ ዛሬውኑ።

የምቸኩለው «ምንም አልሆኑም» ያልሽው ነገር ገና ስላልተረጋገጠ ነው። እንዲህ ሊሆን እንደሚችል አስቢ፦ ጠዋት የሚዞረው ሐኪም የአዛውንቱ የደም ግፊት ከፍ ብሎ ያገኘዋል። መዝገቡን ሲያይ መድኃኒቱ በሰዓቱ ተሰጥቷል ይላል። ስለዚህ «ይህ መጠን አልበቃቸውም» ብሎ ይጨምራል፣ ወይም ሌላ መድኃኒት ያዝዛል። በማግስቱ ሁለቱም ይሰጧቸዋል፤ ግፊታቸው ከሚገባው በታች ይወርድና ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ይወድቃሉ። ሐኪሙ በትክክል አስቧል፤ የተሳሳተው የቀረበለት መረጃ ነው። በደም ውስጥ መጠኑ እየተለካ የሚሰጥ እንደ ቫንኮማይሲን ያለ አንቲባዮቲክ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሳያስፈልግ የሚጨመረው መጠን መዘዙ ለኩላሊት ሊተርፍ ይችል ነበር። በመዝገቡ ላይ ያለ ባዶ ሣጥን ቢያንስ ጥያቄ ያስነሳል፤ የሐሰት ፊርማ ግን ጥያቄውን ራሱን ይዘጋዋል።

ስለ ፈቃድሽ ላንሳ። መድኃኒት መርሳት ስህተት ነው፤ የሚያስከትለው ብዙውን ጊዜ ምክር፣ ሥልጠና ወይም የቅርብ ክትትል ነው። የሙያ ተቆጣጣሪዎች ሐሰተኛ መዝገብን የሚያዩት ግን በሌላ ዓይን ነው፤ ጥያቄው «ትችላለች ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ትታመናለች ወይ?» ይሆናል። ለዚህ ፈቃድ ሊታገድ፣ ሊሰረዝም ይችላል፤ ታካሚ ከተጎዳ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል። መድኃኒቱ ሞርፊን ቢሆን ኖሮ ደግሞ ያልተሰጠው መጠን የት ገባ ተብሎ የስርቆት ጥርጣሬ ይከተልሽ ነበር። አይታወቅም ብለሽም አትጽናኚ። የኮምፒውተር መዝገብ ማን፣ መቼ እንደጻፈ ይይዛል፤ በወረቀት የሚሠራ ክፍል ውስጥም ቢሆን ከመደርደሪያው ላይ የቀረው መድኃኒት ይቆጠራል።

ባልደረባሽ ያን ቀን አብራሽ አትቆምም። «ሁሉም የሚያደርገው ነው» የሚለው ቃል በምርመራ ላይ ማንንም ሲያድን አላየሁም። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1953 ያጸደቀውና በ2021 ያሻሻለው የሥነ ምግባር ደንብም ኃላፊነቱ የእያንዳንዱ ነርስ የግል እንደሆነ ይናገራል። በነገራችን ላይ፣ እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ 22 ሕሙማን ለሁለት ነርሶች! መዝገቡ ግን ሁሉም መድኃኒት በሰዓቱ ተሰጥቷል ካለ አስተዳደሩ የሰው እጥረት መኖሩን ከየት ያውቃል? የሐሰት ፊርማችሁ መድኃኒቱን ያስረሳችሁን ያንኑ ችግር ሸሽጎ ያኖርላችኋል።

አሁን ወደ ክፍሉ ኃላፊ ነርስ ሂጂ። መጀመሪያ የምትናገሪው ስለ አዛውንቱ ይሁን፤ መድኃኒቱ እንዳልተሰጣቸው ሐኪሙ እንዲያውቅና በዚያ መዝገብ ተመሥርቶ የተለወጠ ትእዛዝ ካለ እንዲታይ። ቀጥሎ የራስሽን ድርጊት በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሪ፤ ወሬውን በባልደረባሽ ስም አትጀምሪው። የድሮውን ጽሑፍ አትፋቂ፣ በላዩም አትጻፊ፤ ያ ሁለተኛ ማጭበርበር ሊባል ይችላል። በተቋሙ ደንብ መሠረት የዛሬውን ቀንና ሰዓት ይዞ የዘገየ ማስታወሻ ይጻፍ፣ የስህተት ሪፖርትም ይሞላ። የዲሲፕሊን ምርመራ ከተከፈተ የጽሑፍ ቃልሽን ከመስጠትሽ በፊት የሙያ ማኅበር ወይም ጠበቃ አማክሪ፤ የታካሚው ጉዳይ ግን ይህን አይጠብቅም። ምንም አትቀጪም ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ ማስጠንቀቂያ ሊደርስሽ ይችላል። ሆኖም ራሷ መጥታ የተናገረች ነርስና በኦዲት የተገኘች ነርስ እኩል አይታዩም።

ወደፊት ሌላ ሥራ ስታመለክቺ ቅጹ የዲሲፕሊን እርምጃ ተወስዶብሽ እንደሆነ ከጠየቀ እውነቱን ጻፊ። በቃለ መጠይቅ ላይ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረግሽና አሁን እንዴት እንደምትሠሪ ሳታለቃቅሺ ንገሪያቸው።

ደግሞ የተረሳ መድኃኒት ሲያጋጥምሽ መዝገቡ ላይ «አልተሰጠም» ብለሽ ምክንያቱን ጻፊና ወዲያው ለሐኪሙ ደውዪ። ዘግይቶ ይሰጥ ወይስ ይታለፍ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው፤ አንዳንዱ መድኃኒት ከሁለት ሰዓት በኋላም ይሰጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቀጣዩን መጠን መጠበቅ አለበት።