ቆሞ ነበር ወይስ እየቆመ ነበር?

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስተናጋጁን ጠራችው። «መጣሁ!» አለና ወደ ጓዳ ገባ። እሷ ስልኳን አውጥታ ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎመችው። «ጋሼ፣ ስልኩ መምጣቱ ያለቀ ነገር ነው ይላል። ሰውየው ግን ገና ወደዚያ እየሄደ ነው። ሳንመጣ ለምንድነው መጣሁ የምንለው?»

መልሱን ነገርኳት። ልባችን ከተነሳ አማርኛ እንደ መጣን ይቆጥረዋል አልኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በጊዜው ባለመጠየቄ አንድ ሰው እንጀራውን አጥቷል። ይህን የምጽፈው ለእሷና አስተርጓሚ ልሁን ለምትሉ ልጆች ነው።

1988 ዓ.ም. ነው። የ26 ዓመት ልጅ ነኝ። እንግሊዝኛ ይችላል ስለተባልኩ የውጭ ሰው በመጣ ቁጥር እኔ ነኝ የምጠራው። ኮምቦልቻ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በውጭ እርዳታ ትልቅ የግንድ መሰንጠቂያ መጋዝ ተክሎ ወጣቶች ያሠለጥናል። ጠዋት ከደሴ ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። ሀረጎን ስትወርዱ ጉሙ ከኋላችሁ ይቀራል፣ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ኮታችሁን ታወልቃላችሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ ግን ሁለት አገር ነው። አሁንም ያን መንገድ ስሄድ በመስኮት በኩል ካልሆነ አልቀመጥም።

አንድ ቀን አደጋ ደረሰ። የአንድ ሠልጣኝ ወጣት ሁለት ጣት ተቆረጠ። እርዳታውን ከሰጡት ወገን አንድ ሰው ሊያጣራ መጣ። የቢሮ ሰው እንጂ የማሽን ሰው አልነበረም። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ተጠራ። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ረጋ ያለ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ምን ተፈጠረ ሲባል እንዲህ አለ፦ «ሳጠፋው ነው ልጁ እጁን የከተተው።»

አምስት ቃል ነው። እኔም ቶሎ አልኩት። በእንግሊዝኛ የወጣው ግን «ማሽኑን ካጠፋሁት በኋላ ልጁ እጁን ከተተ» የሚል ስሜት ያለው ነበር። እንግዳው ቀና ብሎ አየውና የጠፋ መጋዝ እንዴት ጣት ይቆርጣል አለ። መልስ ስጥ አልኩት። ሰውየው ግራ ገባው። «ሳጠፋው ነው እኮ ያልኩት» ብሎ ደገመው። እኔም ያንኑ ስህተቴን ደገምኩት። እንግዳው ይዋሻል ብሎ ጻፈ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የዚያን መጋዝ ምላጭ የሚያዞሩት ከባድ የብረት ጎማዎች ናቸው። መብራቱን ብታቋርጡትም ወዲያው አይቆሙም፣ ፍጥነታቸው እየቀነሰ ቆይተው ነው የሚቆሙት። አምፖል ስታጠፉ መጫኑና መጥፋቱ አንድ ነው። የመጋዝ መጥፋት ግን መነሻ አለው፣ መካከል አለው፣ ማለቂያ አለው። ልጁ እጁን የከተተው መካከሉ ላይ ነው። «ሳጠፋው» ውስጥ ያ መካከል አለ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃ ነበር፦ ቆሞ ነበር ወይስ እየቆመ ነበር?

ስንወጣ እጄን ያዘኝና «ልጄ፣ ጎማው እኮ ገና እየዞረ ነበር። ነግረህልኛል አይደል?» አለኝ። ያኔ ገባኝ። ተመልሼ በሩን ማንኳኳት ነበረብኝ። እንግዳው ገና ውስጥ ነበር። አፈርኩ፣ ሥራዬንም ፈራሁ። «ነግሬያለሁ» አልኩት። በሳምንቱ ሰውየው ከሥራ ተሰናበተ። በሩ ላይ ተገናኘን፣ ፊቴን አይቶ «አብሽር» አለኝ። እሱ እኔን።

ከዓመታት በኋላ ነው አንድ መጽሐፍ ላይ ዜኖ ቬንድለር የሚባል በትውልዱ ሃንጋሪያዊ የሆነ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1957 የጻፈውን ያገኘሁት። ግሶችን በአራት ይከፍላቸዋል። ማወቅና መውደድ ዝም ብለው ያሉ ሁኔታዎች ናቸው። መሮጥ ይቀጥላል እንጂ የራሱ ማለቂያ የለውም። ቤት መሥራት ይቀጥላል፣ ማለቂያም አለው። መድረስና ማግኘት ግን በቅጽበት ያልቃሉ። በአማርኛ ሞክሩት። «ለሁለት ሰዓት ሮጠ» ይባላል፣ «ለሁለት ሰዓት ዕቃውን አገኘው» አይባልም። አምፖሉና መጋዙ አንድ ግስ ይዘው ሁለት ቦታ ነው የሚወድቁት። ሳነበው መጽሐፉን ዘግቼ ከቤት ወጣሁ።

ሶቪየት ኅብረት የተማረ የደሴ ልጅ ጓደኛ ነበረኝ። ሩሲያኛ ለብዙው ድርጊት ሁለት ግስ አለው ይለኝ ነበር። «ረሻል» ካልክ ጥያቄውን ሊፈታ ሲታገል ነበር፣ «ረሺል» ካልክ ፈታው። አፍህን ከመክፈትህ በፊት አልቋል ወይስ አላለቀም የሚለውን መምረጥ አለብህ። ሩሲያዊ ብሆን ኖሮ ቋንቋው ራሱ ያስቆመኝ ነበር ብዬ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። ግን እሱም እውነት አይደለም። አማርኛም «እያጠፋሁት ሳለ»፣ «ካጠፋሁት በኋላ» አለው። ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።

የእኛም ግስ ሀብታም ነው። ሰበረ፣ ሰባበረ፣ ሰበር አደረገ፣ ስብር አደረገ፣ አራቱም የተለያየ ነገር ናቸው። «ተቀምጧል» ያለቀ ይመስላል፣ ሰውየው ግን አሁንም ወንበሩ ላይ ነው። ይህን የማያውቅ ከእንግሊዝኛ ሲተረጉም «እየተቀመጠ ነው» ይላል፣ ያ ደግሞ ገና ጎንበስ እያለ ነው። እንግሊዝኛ መሮጡን ግሱ ላይ አድርጎ መግባቱን በትንሽ ቃል ያስከትላል፣ እኛ «ሮጦ ገባ» እንላለን፣ ዋናው ግስ መግባቱ ነው። ስፓኒሽም እንደኛ ነው። ሊዮናርድ ታልሚ የሚባል አሜሪካዊ ቋንቋዎችን በዚህ ለይቷቸዋል፣ ፈልጋችሁ አንብቡት።

ቃላት አጥኑ፣ መዝገበ ቃላት ያዙ አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ንድፈ ሐሳብም አታብዙ፣ አስተርጓሚ የሚሠራው በጆሮው ነው። ቅድም ግን መጽሐፍ ነው ዓይኔን የከፈተው ብያለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ፣ ስልኩ ያለውን ትቀበላላችሁ፣ ይሄ ያናድደኛል። ግን ያቺ ልጅ ስልኩን አላመነችውም፣ እኔ በ26 ዓመቴ ያልጠየቅኩትን ጠየቀች። ሰው ፊት ተቀምጣችሁ ስትተረጉሙ እጃችሁን አንሱና «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቀው» በሉ። ማንም አይቆጣም። ቢቆጣም ይቆጣ።

የዚያን ሰውዬ ቤት ከስድስት ዓመት በኋላ ኮምቦልቻ ወርጄ ፈለግኩት። አንዲት ጎረቤት እህል እያበጠረች ነበር። ባቲ ልጁ ጋ ሄዷል አለችኝ። ደክሞኝ ስለነበር በደንብ ያልሰማሁ መሰለኝና «ሄዶ ነበር ነው ያሉኝ? ተመልሷል?» አልኳት።

ሰፌዱን አስቀመጠች። «ሄዷል፣ ልጄ» አለችኝ። «ሄዷል።»